ታዳጊዎችን የሚመሩ በጎ ፈቃደኞችን ስለማዘጋጀት፦ ጥያቄና መልስ

ታዳጊዎችን ይዘው የሚወጡ በጎ ፈቃደኞችን ሳሰለጥን ቆይቻለሁ። የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሁሉም የምናውቃቸው ሰዎች ናቸው። ማጣራት ለምን አስፈለገ?

ልጅን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ልጁም ቤተሰቡም የሚያምኑት ሰው ስለሆነ። የወንጀል ሪከርድ ይታይ፤ ግን ንጹህ ወረቀት ሰውየው እንዳልተቀጣ ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ከልጆች ጋር ሲሠራ ያዩትን ሁለት ሰዎች ደውላችሁ ጠይቁ። «ጥሩ ሰው ነው?» አትበሉ፣ መልሱ ይታወቃል። «የራስዎን ልጅ ለሦስት ቀን ይሰጡታል?» በሉ። ካመነቱ ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ለአንድ አዋቂ ስንት ልጅ?

የብሪታንያው የሕፃናት ጥበቃ ድርጅት ኤንኤስፒሲሲ ከ4 እስከ 8 ዓመት ላሉት ለ6 ልጅ አንድ አዋቂ፣ ከ9 እስከ 12 ለ8፣ ከ13 እስከ 18 ለ10 ይላል። ልጆቹ አምስት ብቻ ቢሆኑ እንኳ አዋቂዎቹ ከሁለት አይነሱ። አንዱ የታመመ ልጅ ይዞ ሲሄድ ሌሎቹ ከማን ጋር ይቀራሉ?

ጥያቄ፦ ልጁ ለብቻዬ ላናግርህ ቢለኝስ?

አናግረው። ግን ሰው በሚያያችሁ፣ በማይሰማችሁ ቦታ ይሁን። የስልክ መልእክትም እንደዚያው ነው፤ ሌላ አስተባባሪ ባለበት ግሩፕ እንጂ በውስጥ መስመር አይሁን።

ጥያቄ፦ አንዲት ልጅ «ለማንም እንዳትነግሪ» ብላ ጉዳት እንደደረሰባት ብታወራኝ ምን ልበላት?

እህቴ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ደግ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ልጅቷ ስታለቅስ አንጀቱ አይችልም፤ «እሺ፣ በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር» ይላል። ከዚያ ወይ ቃሉን ያፈርሳል፣ ወይ ልጅቷን አደጋ ላይ ይተዋታል።

እንዲህ በያት፦ «መናገርሽ ጥሩ ነው። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ግን ምስጢር አድርጌ ልይዘው አልችልም። ሊረዱሽ ለሚችሉ ሰዎች መናገር አለብኝ።» ከዚያ አዳምጪ። «እንዲህ አድርጎሽ ነው?» እያልሽ ቃል አታጉርሻት፤ በኋላ የሚደረገውን ምርመራ ያበላሻል። የተናገረችውን በራሷ ቃላት ዕለቱን ጻፊው፤ ለልጆች ደኅንነት ለተመደበው ኃላፊ ስጪ። አሁኑኑ አደጋ ላይ ከሆነች ለፖሊስ ደውይ። ተጠርጣሪውን ሄደሽ እንዳታፋጥጪው።

ስልጠና ላይ ሁለት ሁለት አድርጌ እነዚያን አራት ዓረፍተ ነገሮች ድምፅ አውጥተው እንዲለማመዱ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ያፍራሉ። ግን አፍ ያልለመደው ነገር በጭንቅ ሰዓት አይወጣም።

ጥያቄ፦ ለስልጠና ግማሽ ቀን ብቻ ነው ያለን። ምን ይቅደም?

ንግግሩን ቀንሱ፣ ልምምዱን አብዙ። «አንድ ልጅ ጎድሏል» በሉና ሰዓት ያዙ። ማን ይቆጥራል? ማን ይፈልጋል? ለወላጅ የሚደውለውስ? ልቡ ለቆመ ሰው የሚደረገውን የደረት ግፊትም በመለማመጃ አሻንጉሊት ላይ ይሞክሩት። ለአዋቂ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ነው፤ ሰው ሳይሞክረው ምን ያህል እንደሚያደክም አይገባውም።

ጥያቄ፦ ሜዳ ላይ እያለን ነጎድጓድ ቢመጣስ?

ወዲያው ወደ ሕንፃ ወይም ጣሪያ ወዳለው መኪና። ዛፍ ሥር አይሆንም። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

ጥያቄ፦ የውሃ ዋና አለን። ጠባቂ ቀጥረናል፣ ይበቃል?

አይበቃም። የሚሰምጥ ልጅ ብዙ ጊዜ አይጮህም፣ እጁንም አያውለበልብም። ከጠባቂው ሌላ ከእናንተ አንድ ሰው ስልኩን አስቀምጦ ውሃውን ብቻ ይይ። በየ15 ደቂቃው ተቀያየሩ፤ ዓይን ይደክማል።