የ70ዎቹን ካሴት ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። የድሮ ሙዚቃ ስል ለእኔ የሸክላው ዘመን ነበር፤ ጥላሁን ገሠሠ ከክቡር ዘበኛ፣ አለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ጋር። የደርግን ጊዜ ካሴት ግን ኪቦርዱ ስለማይጥመኝ አልፈው ነበር። ሰሞኑን አባቴ ያስቀመጠውን ካርቶን ከፍቼ ነዋይ ደበበን ብሰማ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። እስከ ዛሬ ለምን አልሰማሁትም? ከማንስ ልቀጥል?
ፍ.፣ ከአዳማ

መልስ፦ ልጄ፣ እንኳንም ካርቶኑ አልተጣለ! ያንን ዘመን የዘለልከው አንተ ብቻ አይደለህም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የድሮ ሙዚቃችንን በተከታታይ ሲዲ ያወጣበትን «ኢትዮፒክስ»ን ሲጀምር፣ የመጀመሪያው ሲዲ በፈረንጆቹ ከ1969 እስከ 1975 ያለውን ጊዜ «ወርቃማ» ብሎ ነው የወጣው። ዓለም በዚያ ሥራ ሰምቶናል፤ ውለታው ትልቅ ነው። ግን ወርቁ በ1967 ዓ.ም. ያለቀ ያህል የሚያወራው ሰው በዛ። እኔ አልስማማም። ወጣትነቴን ያሳለፍኩት ሙዚቃ ቤት ቆሜ ካሴት ስሸጥ ነው፤ አዲስ ሥራ ወጣ በተባለ ቀን ሰው ከሥራ መልስ ቤቱ ሳይገባ እኛ ጋ ይሰለፍ ነበር።

ኪቦርዱ ያልጣመህ ጡሩምባውን ስትጠብቅ ይመስለኛል። ሰዓት እላፊው የምሽቱን ክለብ አዳከመው፤ ባንዶቹ አነስ ብለው ሆቴል ገቡ፣ ብዙ የትንፋሽ መሣሪያ ይጫወተው የነበረውን ኪቦርድ ተረከበው። ስለዚህ ጆሮህን ወደ ታች አውርደው። የሮሃ ባንድን ካሴት ስትከፍት መጀመሪያ ቤዙን ብቻ ተከተል፤ ጆቫኒ ሪኮ ችክችካውን እንዴት ይዞ እንደሚሄድ ስማ። ከዚያ የሰላም ሥዩምን ጊታር፣ በመጨረሻ የዳዊት ይፍሩን ኪቦርድ። በዚህ ቅደም ተከተል ስትደርስበት ያ ኪቦርድ ሌላ ነው።

ግጥሙ ደግሞ አለ። ለእኔ የዘመኑ ትልቁ ሀብት እሱ ነው። ዓለምፀሐይ ወዳጆና ይልማ ገብረአብ ይጽፋሉ፣ አበበ መለሰ ዜማ ያወጣል። ሳንሱር ስለነበር የፍቅር ዘፈን ብዙ ሸክም ተሸክሟል። ስለ ተለየ ፍቅረኛ የተዘፈነውን ስንቱ እናት ስለ ዘመተ ልጇ፣ ስንቱ ወንድም በሱዳን በኩል ስለ ወጣች እህቱ አድርጎ ሰማው! ደንበኞቼ አንዱን ዘፈን ደጋግሜ እንድከፍትላቸው እየለመኑ ባንኮኒው ላይ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። አባትህ በሕይወት ካለ፣ ከካርቶኑ ውስጥ የትኛውን ለማን ብሎ እንደገዛው ጠይቀው።

ከነዋይ ቀጥሎ ኤፍሬም ታምሩን ስማ፤ ከዚያ አስቴር አወቀን፣ ያውም አሜሪካ ከመሄዷ በፊት አሊ ታንጎ ያሳተመላትን። ድምፅዋ ገና ሳይለሰልስ የነበረበት ጊዜ ነው፤ እኔ ከኋለኛው አስበልጠዋለሁ። ኩኩ ሰብስቤንና በዛወርቅ አስፋውን አትለፍ።

የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ለብቻው ይቆማል። ባንዱ ለዝግጅት አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ቀረ፣ በፈረንጆቹ 1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን ሙግ ከሚባለው ሲንተሳይዘርና ከሪትም ማሽን ጋር አዋህዶ ብቻውን አንድ ካሴት ቀዳ። ኋላ ታክሲ እየነዳ ኖረ። አንድ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባህር ዳር ሙዚቃ ቤት አግኝቶ በፈረንጆቹ 2013 እንደገና ሲያሳትመው፣ ኃይሉ ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። ካሴቱን ሳይጥል ያቆየው የባህር ዳሩ ሙዚቃ ቤት ነው፤ ይህን ሳስብ ልቤ ይሞላል።

አሁን ስለ ካርቶንህ። ኢንተርኔት ላይ የምታገኘው አብዛኛው ከቅጂ የተቀዳ ስለሆነ ድምፁ ሳስቶ፣ አንዳንዴም ፍጥነቱ ተዛብቶ ነው የሚደርስህ፤ የአባትህ ኦሪጂናል ከሆነ ይበልጣል። ከማጫወትህ በፊት የቴፑን ሄድ፣ ማለት ክሩን ነክቶ ድምፁን የሚያነበውን ክፍል፣ በአልኮልና በጥጥ ጥረግ። ለዓመታት የቆመ ክር ስለሚጣበቅ ካሴቱን በእስክሪብቶ ቀስ ብለህ እስከ መጨረሻው አጠንጥነህ መልሰው። ከዚያ ሁለቱንም ገጽ ሳታቋርጥ ወደ ኮምፒውተር ቅዳ፤ ሽፋኑን ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሳው፣ የግጥምና የዜማ ደራሲዎቹ ስም ብዙ ጊዜ እዚያ ብቻ ነው ያለው።