ሰዋስው አውቃለሁ፤ ተማሪ ፊት ስቆም ግን ቃል ይጠፋኛል

ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ለእንግሊዝኛ መምህርነት እየተማርሽ ሦስተኛ ዓመት ደርሰሻል፤ ውጤትሽም ጥሩ ነው። ማይክሮ ቲቺንግ ላይ፣ ማለትም ለክፍል ጓደኞች አጭር ትምህርት የማስተማር ልምምድ ላይ፣ ግን ጓደኞችሽ ፊት ስትቆሚ ምላስሽ ተሳሰረ። «ሌላ ሙያ ልፈልግ ወይ?» ብለሻል።

አትፈልጊ። ዩኒቨርሲቲ ያስተማረሽ እንግሊዝኛ ሌላ፣ ክፍል ውስጥ የሚያስፈልግሽ ሌላ ነው። ሰዋስው፣ ፎኖሎጂ (የቋንቋ ድምፆች ሥርዓት ጥናት)፣ ሥነ ጽሑፍ ተምረሻል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተናውም አለ፤ እሱ ላይ መልስ ትመርጫለሽ እንጂ ማንም ተናገሪ አይልሽም። መምህር ግን ቀኑን ሙሉ ሲያዝ፣ ሲጠይቅና ሲያርም ነው የሚውለው። ይህ ለብቻው ልምምድ ይፈልጋል።

እኔም አስተምሬያለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት የጥንድ ሥራ ለመስጠት ሁለት ደቂቃ ሙሉ አወራሁ። «ኢዝ ኢት ክሊር?» ስል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «የስ ቲቸር!» አለ። ጠመኔዬን አስቀምጬ ዞር ስል መጽሐፉን የገለጠ አንድም ልጅ የለም። ልጆቹ «የስ» ያሉት ገብቷቸው አልነበረም፤ ከሕፃንነት የለመዱት ነው። ከዚያ ወዲህ አሳጠርኩት፦ «ዎርክ ኢን ፔርስ። ሪድ ፓራግራፍ ቱ። ዩ ሃቭ ፋይቭ ሚኒትስ።» ቀጥዬ ከኋላ የተቀመጠውን ልጅ «ዊች ፓራግራፍ?» እለዋለሁ። «ቱ» ካለኝ ገብቶታል።

ዛሬ ማታ ዶርም ውስጥ ጀምሪ። ከ9ኛ ክፍል መጽሐፍ አንድ ገጽ ውሰጂ። እሱን ስታስተምሪ የምትሰጪውን ትእዛዝ ሁሉ ጻፊና ረጃጅሙን ቁረጪ። ከዚያ ቆመሽ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ በይው፤ በስልክሽም ቅጂው። መቅዳቱን እንዳትዘልዪው፣ አደራ። «እስኩል»፣ «እስቱደንት» የምትይ ከሆነ ያኔ ለራስሽ ይሰማሻል። አማርኛችን ቃል በሁለት ተነባቢ ሲጀምር ስለማይመቸው «እ» ያስገባል። ልጆቹ የሚቀዱት ካንቺ ነውና ይቺን አርሚ። እንደ ፈረንጅ ለመናገር ግን አትድከሚ። ጥርት ያለ አነጋገር ይበቃል።

ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ ማዕከል አላቸው። ያንቺም ካለው የውይይት ክበቡ ውስጥ ግቢ።

ይህን ያህል የምወተውትሽ ለውጤትሽ ብዬ አይደለም። 9ኛ ክፍል ላይ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው። ያንቺ ክፍለ ጊዜ ያልገባው ልጅ ሌላውም ያመልጠዋል።

የመጀመሪያውን ቅጂ አታጥፊው። ከወር በኋላ ከአዲሱ ጋር አስተያይተሽ ምን እንደተለወጠ ጻፊልኝ።