የአከራዮች ጥያቄና መልስ፦ ከመግዛትዎ በፊት ሠንጠረዡን ይሙሉ

ጥያቄ፦ ገዝቼ የማከራየው ቤት አግኝቻለሁ። ዋጋው 1,000,000 ነው፤ በወር 10,000 ይከራያል። ሻጩ «በዓመት 12 በመቶ ያስገባል» ይለኛል። 600,000ውን በ12 በመቶ ወለድ፣ በ15 ዓመት የሚከፈል ብድር ልወስድ አስቤያለሁ። ያዋጣኛል? በምንስ ላስላው?

መልስ፦ ተራ የኤክሴል ሠንጠረዥ ይበቃዎታል፤ የሚከፈልበት ፕሮግራም ገና አያስፈልግዎትም። ሻጩ የነገረዎት ወጪ ያልተቀነሰለትን ገቢ ነው። ከዓመቱ 120,000 ላይ ቤቱ ባዶውን የሚቆይበትን የአንድ ወር ኪራይ ይቀንሱ። ከቀረው 110,000 ላይ ለጥገና 10,000፣ ለግብርና ለኢንሹራንስ 12,000፣ ለአስተዳደር 8 በመቶ፣ ማለትም 8,800 ያንሱ (ወጪዎቹን ለምሳሌ ነው የወሰድናቸው፤ በራስዎ ቁጥር ይተኳቸው)። የሚተርፈው 79,200 ነው። ለስም ማዛወሪያና ለእድሳት 80,000 ካወጡ ደግሞ ቤቱ የፈጀብዎት 1,080,000 ይሆናል፤ ገቢው ከዚህ 7.3 በመቶ ገደማ ነው።

ወደ ብድሩ ስንመጣ፣ ኤክሴል ውስጥ ፒኤምቲ (PMT) የሚባለው ቀመር ወርሃዊ ክፍያውን ያወጣልዎታል። ወለዱን፣ የክፍያውን ብዛትና የብድሩን መጠን ይጠይቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የሚከፍለው በየወሩ ሆኖ ሳለ የዓመቱን 12 በመቶ እንዳለ ያስገባዋል። ለ12 ተካፍሎ 1 በመቶ፣ 15 ዓመቱም 180 ወር ሆኖ ነው መግባት ያለበት። ውጤቱ 7,201 ነው፤ ወጪ ስለሆነ የመቀነስ ምልክት ይዞ ይመጣል። በዓመት 86,412 ማለት ነው፤ ቤቱ ደግሞ 79,200 ብቻ ነው የሚያስገባው። በየዓመቱ ከ7,000 በላይ ከኪስዎ ሊጨምሩ ነውና በዚህ ብድር አይግዙ። የተጣራው ገቢ የብድር ክፍያው 1.2 እጥፍ እንዲሆን ከፈለጉ ከ458,000 በላይ መበደር የለብዎትም። ቀሪውን ከራስዎ መሸፈን ካልቻሉ ዋጋውን ያስቀንሱ።

ጥያቄ፦ ተከራይ በለቀቀ ቁጥር «ይህ ስገባም የተበላሸ ነበር» በሚል እንጨቃጨቃለን። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የስልክ ካሜራና አንድ ገጽ የርክክብ ቅጽ። በመግቢያው ዕለት እያንዳንዱን ክፍል በሩ ላይ ቆመው ሙሉውን ያንሱ፤ ከዚያ ጉዳቱን ከቅርብ፣ ማስመሪያ አስጠግተው። የቅርቡ ፎቶ ብቻውን አያስረዳም፤ ስንጥቁ የየትኛው ግድግዳ እንደሆነ አይለይም። የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ንባብ፣ የቁልፎቹንም ብዛት ይጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙበት። ፎቶዎቹን በዚያው ቀን ለተከራዩ ይላኩለት፤ ማስረጃው እሱንም ሊጠብቀው ይገባል። ሲለቅ እዚያው ቦታ ላይ ቆመው እንደገና ያንሱ። በጊዜ ብዛት ለደበዘዘ ቀለም ግን ከመያዣው ገንዘብ አይቁረጡ።

ጥያቄ፦ የውሃው ሂሳብ በድንገት ጨመረ፤ ተከራዩ ግን አጠቃቀሙን አልቀየረም።

መልስ፦ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግተው ቆጣሪውን ያንብቡ፤ ማንም ውሃ ሳይነካ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግመው ያንብቡ። ታንከር ካለ አስቀድሞ ይሙላ፤ አለዚያ እሱ ሲሞላ ቆጣሪው ይዞራል። ቁጥሩ ከጨመረ የሽንት ቤቱ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምግብ ቀለም ጠብ አድርገው 20 ደቂቃ ውሃውን ሳይለቁ ይቆዩ። ቀለሙ ወደ መቀመጫው ከወረደ ውሃውን የሚዘጋው የታችኛው ጎማ አርጅቷልና ይቀይሩት። ካልወረደ መሬት ውስጥ ያለውን መስመር በባለሙያ ያስፈትሹ።