ስለ ሴትሱኮ ሀራ ጠይቁኝ፦ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ስለ ጃፓናዊቷ ተዋናይት ስለ ሴትሱኮ ሀራ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። አብዛኞቻችሁ «የቶኪዮ ታሪክ» የሚለውን ፊልሟን አይታችሁታል ብዬ ነው የምነሳው። ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። አንደኛ፣ የምጽፈው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሁለተኛ፣ ከመጠየቃችሁ በፊት ዓመቱን ቁጠሩ። ስለ እሷ የሚወራው ብዙው ወሬ ዓመት ሲቆጠር ይፈርሳል።

ካሳንቺስ፦ ጋሼ፣ ለማናውቃት ሰዎች ባጭሩ ቢነግሩን?

መላሽ፦ በ1920 ዮኮሃማ ተወለደች። እውነተኛ ስሟ ማሳኤ አይዳ ነው። የእህቷ ባል ሂሳቶራ ኩማጋይ የፊልም ዳይሬክተር ነበር፤ ወደ ሥራው ያስገባት እሱ ነው። በ1935 ጀመረች፤ ገና 15 ዓመቷ ነበር። 100 ያህል ፊልም ሠርታ በ1962 አቆመች። በ2015 በ95 ዓመቷ አረፈች። ከማቆሟ እስከ ሞቷ 53 ዓመት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ከካሜራና ከጋዜጠኛ ርቃ ኖረች።

የማታ ተመልካች፦ ከዳይሬክተሩ ከኦዙ ጋር ፍቅር ነበራት ይባላል። ያቆመችውም እሱ ሲሞት ነው አይደል?

መላሽ፦ ዓመቱን ቁጠሩ ያልኩት ለዚህ ነው። የመጨረሻ ፊልሟ የወጣው በ1962 መገባደጃ ነው። የ47ቱ ሳሙራዮች ታሪክ ነው፤ ዳይሬክተሩም ኦዙ ሳይሆን ሂሮሺ ኢናጋኪ ነው። ያሱጂሮ ኦዙ የሞተው ዲሴምበር 12 ቀን 1963፣ ልክ 60 ዓመት በሞላው ቀን። ፊልሟ ከወጣ ከአንድ ዓመት በላይ አልፎ ነበር። ሁለቱም አላገቡም፤ ሰው ከዚያ ተነስቶ የፍቅር ታሪክ ሠራላቸው።

ልደታ፦ ታዲያ ለምን አቆመች? በ42 ዓመት፣ ያን ያህል ተወዳጅ ሆና ማን ይተዋል?

መላሽ፦ ራሷ የተናገረችው ተዘግቧል። ትወናን ወድጄው አላውቅም፣ የሠራሁት ትልቅ ቤተሰብ ለማስተዳደር ነው ብላለች። ጃፓን ውስጥ ይህን ሲሰሙ ብዙ ሰዎች ተናደዱ። ለእኔ ግን በጣም የሚገባ ነገር ነው። በ15 ዓመቷ ለእንጀራ የገባች ልጅ ናት። ሌላም አለ። በ1953 ኩማጋይ በሚመራው ፊልም ላይ እየተወነች ሳለ፣ የካሜራ ባለሙያ የነበረውን ወንድሟን ቀረጻ ላይ ባቡር ገጭቶ ገደለው። በዚያው ዓመት «የቶኪዮ ታሪክ» ወጣ። እስቲ ይህን ይዛችሁ ፊልሙን ድገሙት። የዓይን ሞራም አስቸግሯት ነበር። እንግዲህ ቤተሰብ፣ ሐዘን፣ ሕመም። የሞተ ፍቅረኛ መፈለግ ምን ያስፈልጋል?

የቡና ስኒ፦ ሁልጊዜ ፈገግ ትላለች። ትንሽ አይበዛም ጋሼ? አንዳንዴ ከልቧ አይመስለኝም።

መላሽ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ከልቧ ያልመሰለህ ልክ ነህ፤ ሥራዋ እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ አቀራረጹን አስብ። ኦዙ ካሜራውን ወለል ላይ ለሚቀመጥ ሰው በሚስማማ ከፍታ ዝቅ አድርጎ ያቆመዋል። ሰው ሲናገር ፊት ለፊት ይይዘዋል፤ ተዋናዩ ሌንሱን ሊያይ ትንሽ ነው የሚቀረው። ፊት መደበቂያ የለውም። እንዲህ ባለ ቦታ ፈገግታ የምትይዝ ሰው ፈገግታዋ ሲላላ ወዲያው ይታወቅባታል።

አሁን «የጸደይ መጨረሻ»ን፣ የ1949ኙን፣ እንይ። ሀራ የምትጫወታት ኖሪኮ ሚስቱ ከሞተችበት አባቷ ጋር የምትኖር ልጅ ናት። ኖህ የተባለውን ጥንታዊ ቲያትር አብረው ያያሉ። ከማዶ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ተቀምጣለች። አባትየው እጅ ይነሳል። ኖሪኮም ፈገግ ብላ እጅ ትነሳለች። ከዚያ ፈገግታው ቀስ እያለ ይከስማል። አባቷን ታያለች፣ ሴትየዋን ታያለች፣ አንገቷን ትደፋለች። መድረኩ ላይ ዜማው ይቀጥላል። እሷ አንድ ቃል አትናገርም። አባቴ ሊያገባ ነው ብላ እንዳሰበች ግን ማንም አይስተውም።

«የቶኪዮ ታሪክ» ላይ ደግሞ ሌላ ሴት ናት፣ ስሟ ግን አሁንም ኖሪኮ ነው፤ ባሏ በጦርነት ከሞተ ስምንት ዓመት ሆኖታል። የሟቹ ወላጆች ኦኖሚቺ ከምትባል ከተማ ወደ ቶኪዮ ይመጣሉ። የገዛ ልጆቻቸው ጊዜ ያጡና አታሚ የሚባል ፍል ውሃ ይልኳቸዋል። ምራቲቱ ግን ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ከተማውን ታስጎበኛቸዋለች። ጎረቤት ሄዳ ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ ተበድራ ትቀዳላቸዋለች። ሁሉንም በፈገግታ። መጨረሻ ላይ አማቷ ደግነቷን ሲያመሰግን፣ እንደሚያስበኝ ጥሩ ሰው አይደለሁም ትለዋለች። ባሏን ሳታስበው የምትውልባቸው ቀናት እንዳሉ ትነግረዋለች። ከዚያ ፊቷን ሸፍና ታለቅሳለች። እስከዚያ ያየኸው ፈገግታ ምን ተሸክሞ እንደቆየ ያን ጊዜ ይገባሃል። እኔ ይህን ቦታ ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል፤ አሁንም ያስለቅሰኛል።

ስደተኛዋ፦ እኔ ሜሪላንድ ሆኜ ነው ያየሁት። እንዳለቀ አዲስ አበባ ለእናቴ ደወልኩ።

ካሳንቺስ፦ እኛ ጋ ግን ወላጅን እንዲህ አያደርጉም። ጨካኞች ናቸው ልጆቹ።

ስደተኛዋ፦ ያደርጋሉ ወንድሜ። ብር ልከን ተገላገልን የምንል ስንቶች ነን?

ካሳንቺስ፦ ብር መላክና እናትን ከቤት ማስወጣት አንድ ነው?

የማታ ተመልካች፦ አንድ ባይሆንም ይቀራረባል።

መላሽ፦ ክርክሩ ከሀራ አወጣን፤ መልሱ ግን እሷው ጋ አለ። «የቶኪዮ ታሪክ» ላይ የሽማግሌዎቹ ትንሿ ልጅ ኪዮኮ በወንድሞቿና በእህቷ ስትናደድ ኖሪኮ ትከላከልላቸዋለች። ልጅ ሲያድግ የራሱ ኑሮ ይይዘዋል፣ እኔም እንደዚያ ልሆን እችላለሁ ትላታለች። ጨካኞች የሚለውን ቃል ኦዙ አፏ ውስጥ አላስገባም።

ፒያሳ 4፦ እኔ ሌላውን የጃፓን ዳይሬክተር፣ ኩሮሳዋን ነው የምወደው። ኦዙ ፊልም ላይ ምንም ነገር አይፈጠርም። እሷም ዝም ብላ ቁጭ ናት።

የቡና ስኒ፦ ምንም አይፈጠርም? ሰው እየሞተ?

ፒያሳ 4፦ ሰይፍ የለ፣ ሩጫ የለ።

መላሽ፦ ኩሮሳዋን ከወደድክ ሀራን እዚያም ታገኛታለህ። በ1946 የሠሩትን «በወጣትነታችን አንጸጸትም»ን ፈልግ። የፕሮፌሰር ልጅ ናት፣ ፒያኖ የምትጫወት። የምትወደው ሰው በስለላ ተጠርጥሮ እስር ቤት ይሞታል። እሷ ወደ ወላጆቹ ገጠር ትሄድና ጭቃ ውስጥ ገብታ ሩዝ ትተክላለች። የሰፈሩ ሰው የሰላይ ቤተሰብ እያለ ያገላቸዋል። እሷ መቆፈሯን አትተውም። እዚያ ፈገግታ የለም፤ ላብና እልህ ነው። ጃፓን ከተሸነፈች አንድ ዓመት ብቻ ቢሆናት ነው፣ እንዲህ ያለች ሴት ስክሪን ላይ የቆመችው።

1951ን ደግሞ ተመልከት። በአንድ ዓመት ውስጥ ለኩሮሳዋ ከዶስቶየቭስኪ ልብ ወለድ በተወሰደ ፊልም ኩሩና የተጎዳች ሴት ሆነች። ለኦዙ ባሏን ራሷ የምትመርጥ ደስተኛ ልጅ። ለሌላው ዳይሬክተር ለሚኪዮ ናሩሴ የቤት ሥራ ያንገፈገፋት የኦሳካ ሚስት። ሦስቱን በተከታታይ ያየ ሰው «ዝም ብላ ቁጭ ናት» አይልም።

የዚያ ዓመት የኦዙ ፊልም በእንግሊዝኛ የበጋ መግቢያ የሚል ስም ነው ያለው። የጃፓንኛው ስም ግን ስንዴና ገብስ የሚደርስበትን ወር ነው የሚጠራው። ፊልሙም የሚያልቀው በደረሰ የገብስ ማሳ ላይ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ይህኛው ይቀርባል።

ልደታ፦ ለናዚዎች ፊልም ሠርታለች የሚሉ አሉ።

መላሽ፦ በ1937 የወጣ የጀርመንና የጃፓን ጥምር ፊልም ነው። ከጀርመን አርኖልድ ፋንክ፣ ከጃፓን ማንሳኩ ኢታሚ መሩት። ሁለቱ ስላልተስማሙ ሁለት ቅጂ ወጣ። ፊልሙ የፕሮፓጋንዳ ዓላማ ነበረው፤ ይህ አይካድም። እሷ 16 ዓመቷ ነበር። ለማስተዋወቅ እስከ ጀርመን ወስደዋታል። በጦርነቱ ጊዜም በጃፓን የጦር ፊልሞች ላይ ተውናለች። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። የ1946ቱን ፊልም ከዚህ በኋላ ማየት ግን ሌላ ስሜት አለው።

ሰባተኛ ረድፍ፦ ስንት ልጆች አሏት?

መላሽ፦ አላገባችም፣ አልወለደችም። ከላይ ተጽፏል።

ሰባተኛ ረድፍ፦ ክፍያዋስ ስንት ነበር?

መላሽ፦ ኪሷን ተዋት። ስለ ፊልሞቿ ጠይቀኝ።

የቡና ስኒ፦ አባቷ ሆኖ የሚሠራው ሽማግሌ ሁሉም ፊልም ላይ አለ ልበል?

መላሽ፦ ቺሹ ርዩ ነው። በ1949 አባቷ፣ በ1951 ወንድሟ፣ በ1953 አማቷ። «የቶኪዮ ታሪክ» ሲወጣ ሽማግሌው ርዩ 49 ዓመቱ ነበር።

ልደታ፦ «ዘላለማዊት ድንግል» የሚሏት ለምንድን ነው?

መላሽ፦ የጃፓን ጋዜጦች የሰጧት ስም ነው። እዚህ አልጠቀምበትም። በእኛ ጆሮ ይህ ቃል የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ለእሷም ቢሆን ሸክም ነበር። በ1960 ኦዙ እንኳ ልጇን የምትድር እናት አድርጎ ቀርጿታል። ከ11 ዓመት በፊት የምትዳረው ልጅ እሷ ነበረች።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም። አሁን ነው የገባሁት። ኦዙ ሲሞት በሐዘን ነው ያቆመችው አሉ፣ እውነት ነው?

መላሽ፦ 1962። 1963። ከላይ ጀምረህ አንብብ።

ስደተኛዋ፦ ጋሼ፣ ከዚያ በኋላ የት ኖረች?

መላሽ፦ ካማኩራ በምትባል ከተማ፣ ከዘመዶቿ ጋር። «የጸደይ መጨረሻ» የተቀረጸበት አካባቢ ነው። ኦዙም የተቀበረው እዚያው ነው፤ ይህም ወሬውን አባብሶታል። ጋዜጠኞች ለዓመታት በሯን አንኳኩ፤ አልከፈተችም። በሴፕቴምበር 2015 ስታርፍ ዜናው የወጣው ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ በኖቬምበር ነው።

ፒያሳ 4፦ እሺ ጋሼ፣ ተሸነፍኩ። ከየቱ ልጀምር?

መላሽ፦ ከ«የጸደይ መጨረሻ»። ማታ ብቻህን እየው። ቲያትሩ ቤት ሲገቡ ስልክህን ሌላ ክፍል አስቀምጥ፤ ሴትየዋን ከማዶ የምታይበትን ቦታ እንዳታመልጥህ።