ይናከሳል፣ መሬት ላይ ይንከባለላል ላልሽው እህቴ

ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር የጻፍሽው እህቴ፣ መስማት የተሳነው የ5 ዓመት ልጅሽ ቀፊራ ገበያ ስትወስጂው መሬት ላይ ይንከባለላል፣ ቤት ሲገባ እህቱን ይነክሳል፣ ዘመድ ደግሞ «አቀብጠሽው ነው፣ ግረፊው» ይላል ብለሻል። አቦ፣ መግረፉን ተዪው! ለምን እንደተመታ የሚገባው ቃል ከሌለ፣ የሚማረው የተናደደ ሰው እንደሚማታ ብቻ ነው፤ ያንኑ እህቱ ላይ ይደግመዋል።

ለ1 ሳምንት ደብተር ያዢ። በነከሰ ወይም በተንከባለለ ቁጥር ጻፊ፦ ቀደም ብሎ ምን ነበር፣ ምን አደረገ፣ ከዚያ ምን አገኘ። ብዙ ጊዜ ከንዴቱ ቀድሞ የሚገኘው ለእሱ ያልተነገረው ለውጥ ነው። እህቱ «ገበያ ልንሄድ ነው» ሲባል ሰምታ ጫማዋን ታደርጋለች፤ እሱ ግን ከጨዋታው ተነጥቆ ባጃጅ ላይ ይጫናል። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት በስልክሽ 4 ፎቶ በተርታ አሳዪው፦ ባጃጅ፣ የሽንኩርት መደብ፣ ሙዝ፣ የቤታችሁ በር። አንዱ ሲያልቅ በእጅሽ ምልክት «አለቀ» ብለሽ ቀጣዩን አሳዪው። ሙዙን ካሳየሽው የግድ ይገዛ፤ አለዚያ ነገ ፎቶውን አያምነውም።

ንክሻውን በምልክት ተኪ። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን ከሚያውቅ ሰው፣ በተለይ ራሱ መስማት ከተሳነው ጎልማሳ፣ «ስጠኝ»፣ «አልፈልግም»፣ «ቆይ»፣ «በቃ» የሚሉትን ተማሩ፤ አንቺ ብቻ ሳትሆኚ አባትም እህትም። አሻንጉሊቱ እህቱ እጅ ሲሆን፣ ሳይነክስ ቀድመሽ እጁን በቀስታ እየመራሽ «ስጠኝ» አስብዪውና ወዲያው ይሰጠው። ሰሞኑን በጠየቀ ቁጥር ያግኝ፤ ምልክት ከጥርስ እንደሚፈጥን ማየት አለበት። «ቆይ» በ5 ሰከንድ ይጀመር፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 30። ገና በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ሰዓት አስጠብቀሽው «ልጁ አይሰማም» እንዳትዪ። ነክሶ ያገኝ የነበረውን ስትከለክዪው ለጥቂት ቀናት ይብስበታል፤ እዚያ ላይ ከተረታሽ፣ አጥብቆ መንከስ እንደሚያዋጣ አስተማርሽው።

ሲናደድ እጆቹን ጨብጠሽ አትያዢ፣ አፍ እንደ ማፈን ነው። እህቱን አርቂያትና ፊት ለፊቱ ተንበርከኪ። መስኮቱ ከጀርባሽ ከሆነ ፊትሽ ጥላ ስለሚሆን ዞር በዪ። ማታ መብራት ሲጠፋ ቋንቋውም አብሮ ይጠፋል፤ ባትሪ ቅርብ ይኑር።

ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ፣ ጆሮው መግል ካመጣ ወይም ጭንቅላቱን የሚመታ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ዓይኑም ይመርመር። የመስሚያ መሣሪያ ካለውና እየነቀለ የሚጥል ከሆነ፣ ልጅ ሲያድግ ጆሮውም ስለሚያድግ ጆሮው ውስጥ የሚገባው የመሣሪያው ክፍል ላይገጥም ይችላል፤ ያፏጫል፣ ያሳምማልም።