ካምፓስ ለምትገቡ ልጆቻችን

ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ዘንድሮ እዚህ አሜሪካ ኮሌጅ ለምትገቡት ነው። በተለይ "ትምህርትህን ብቻ ተማር፣ ከማንም ጋር እንዳትገጥም" ተብላችሁ ለተሸኛችሁ። እኔም እንደዚያ ተብዬ ነው የመጣሁት። እዚህ ያሉት የጥቁር ተማሪዎች ማኅበራት ምን እንደሆኑ የገባኝ ሠላሳ ዓመት በሂሳብ ሥራ ከኖርኩ በኋላ ነው።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ባልደረባዬ አረፈ። ቀብሩ ላይ ሐምራዊ ክራባት ያሰሩ ሽማግሌዎች ተሰልፈው ገቡ፤ አንዱ ከዘራ ይዟል። አስከሬኑን ከበው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ዘመሩ። "ዘመዶቹ ናቸው?" ብዬ ጠየቅኩ። ተማሪ እያሉ አብረው ኦሜጋ ሳይ ፋይ የሚባል ፍራተርኒቲ (የወንድ ተማሪዎች ማኅበር) የገቡ ናቸው ተባልኩ። እኔ ፍራተርኒቲ ሲባል ጭፈራና ፓርቲ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ያን ቀን ያየሁት ግን እድር ነው።

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ዛሬ ድረስ ካሉት የጥቁር ኮሌጅ ተማሪዎች ፍራተርኒቲዎች የመጀመሪያው፣ አልፋ ፋይ አልፋ፣ በ1906 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ቀደም ባለው ጊዜ እዚያ ይማሩ የነበሩ ስድስት ጥቁር ተማሪዎች በዓመቱ አንዳቸውም አልተመለሱም፤ በግቢው የነበሩት ሌሎች ጥቁር ተማሪዎች ደግሞ ከግቢው ኑሮ የተገለሉ ስለነበሩ በከተማዋ ጥቁር ነዋሪዎች ቤት እየተሰበሰቡ አብረው ማጥናት ጀመሩ፣ ማኅበሩም ከዚያ የጥናት ቡድን ወጣ። መሥራቾቹ ሰባት ልጆች ናቸው። ከመካከላቸው በነጮቹ የፍራተርኒቲ ቤቶች እየሠሩ የሚማሩ ነበሩ። ይህቺ ነገር ከልቤ አልወጣ ብላለች። የሌላውን ቤት እያገለገሉ የራሳቸውን ቤት አሰቡ።

ኦሜጋ በ1911 ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሦስት ተማሪዎችና ኧርነስት ጀስት በሚባል የባዮሎጂ መምህር ተጀመረ። የታሪክ ምሁሩ ካርተር ዉድሰን አባል ነበር፤ በእሱ ግፊት ማኅበሩ በ1924 የጥቁሮችን ታሪክ የሚያወሳ ሳምንት አዘጋጀ። ዉድሰን በ1926 የጀመረው ሳምንት ነው ዛሬ ፌብሩዋሪን ሙሉ የምናከብረው። ሴቶቹም አላነሱም፤ ዴልታ ሲግማ ቴታ የሚባለው የጥቁር ሴት ተማሪዎች ማኅበር ሃያ ሁለት መሥራቾች ማኅበራቸው ሁለት ወር ሳይሞላው፣ በማርች 1913፣ ለሴቶች የመምረጥ መብት ዋሽንግተን ላይ በተደረገው ሰልፍ ወጡ።

እንግዳ ሲመጣብን ወስደን ፎቶ የምናነሳበት የማርቲን ሉተር ኪንግ ሐውልትም የአልፋዎቹ ሐሳብ ነው። ኪንግ አባላቸው ነበር። በ1984 ጀምረው በ2011 ተመረቀ።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። አዲስ ገቢዎችን መደብደብና ማዋረድ ሰው እስከ መግደል ደርሷል። ማኅበራቱ በ1990 የድሮውን አገባብ በይፋ ቢያስቀሩትም ተደብቀው የሚያደርጉት አልጠፉም። ማንም "ወንድሜ ትሆናለህ" ብሎ እጁን ካነሳባችሁ፣ ወይም የሚደርስባችሁን ለማንም እንዳትናገሩ ካላችሁ፣ ያኔውኑ ተነስታችሁ ውጡ። ያን ሌሊት ቤት ደውሉ። እናታችሁ ብትደነግጥም ደውሉ።

ከዚያ ውጭ ግን ቀርባችሁ ጠይቁ፤ ሽማግሌዎቹን አናግሯቸው፣ ከተመረቁ በኋላ ምን እየሠሩ እንደሆነ እዩ። መግባት አለመግባት የእናንተ ነው። እኔ የተማርኩበት ግቢ ውስጥ የእነዚህ ማኅበራት ልጆች ዓርብ ዓርብ ማታ መሬቱን በእግራቸው እየመቱ፣ በአንድ ድምፅ እየጠሩ ሲለማመዱ ድምፃቸው ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ ይሰማ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ መጽሐፌን አቅፌ በአጠገባቸው አለፍኩ። አንዱ ልጅ ሁሌ ሰላም ይለኝ ነበር፤ ስሙን እንኳን አልጠየቅሁትም።