ፋብሪካው ጋዙን ቀነሰ፣ ማሳው ግን ጭስ ማውጫ የለውም

ጥያቄ፦ የምኖረው ጃማ ነው፣ መሬቴ ዋልካ ነው። ባለፈው ክረምት ለስንዴዬ ዩሪያ በበተንኩ ማግስት ዝናቡ ወረደበት፤ ውሃው ተኝቶበት ሰነበተ። ስንዴው ቢጫ ሆኖ ቀረ። ደሴ የሚማረው ልጄ ደግሞ «የአውሮፓ ፋብሪካዎች ዓለምን የሚያሞቅ አንድ ጋዝ ከ90 በመቶ በላይ ቀንሰዋል፤ አሁን በብዛት የሚወጣው ማዳበሪያ ከገባበት እርሻ ነው» ይለኛል። እውነት ነው? ዩሪያዬ ጋዝ ሆኖ ሄደ ማለት ነው? ልተወው ወይ?

መልስ፦ ልጅዎ ያለው ትክክል ነው፣ አባቴ። ዩሪያውን ግን አይተዉት።

ጋዙ ናይትረስ ኦክሳይድ ይባላል። አንዴ ከወጣ አየር ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ይቆያል። ኪሎ በኪሎ ሲነጻጸር፣ በመቶ ዓመት ውስጥ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ያህል ያሞቃል።

በፋብሪካ በኩል ዋናዎቹ ምንጮች ሁለት ናቸው። አንዱ ለናይሎን ክር የሚሆነውን አዲፒክ አሲድ ሲያመርቱ የሚወጣው ነው። ይህን እ.ኤ.አ. በ1991 ሁለት የአሜሪካ ኬሚስቶች ጽፈው እስኪያወጡ ድረስ ብዙ ሰው ልብ አላለውም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ፈጠነ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ትልልቆቹ የአውሮፓ አምራቾች ጋዙን የሚያጠፋ መሣሪያ ተከሉ።

ሁለተኛው የናይትሪክ አሲድ ፋብሪካ ነው። አሞኒያን በፕላቲነም መረብ ላይ በ900 ዲግሪ አካባቢ ያቃጥሉታል፤ ከሚፈለገው ምርት ጋር ጥቂት ናይትረስ ኦክሳይድም አብሮ ይፈጠራል። አሲዱ በአውሮፓ በሰፊው ለሚታወቀው አሞኒየም ናይትሬት ማዳበሪያ ይውላል። መፍትሔው ከመረቡ ሥር ጋዙን ወደ ተራ ናይትሮጅንና ኦክስጅን የሚሰብር ሌላ ማነቃቂያ (ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር) መደርደር ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት እነዚህን ፋብሪካዎች በብክለት ፈቃድ ገበያው ውስጥ አስገባቸው። ለሚለቁት ጋዝ ፈቃድ ማቅረብ ግዴታ ሆነ። ጋዝ መልቀቅ ገንዘብ ሲያስወጣ ማን ዝም ይላል? እ.ኤ.አ. በ1990 የነበረው የአውሮፓ ፋብሪካ ጋዝ ዛሬ ከአሥር አንዱ እንኳ አይሞላም። የእርሻው ግን በዚያ ፍጥነት አልወረደም።

እውነቱን ለመናገር እኔ በፋብሪካዎቹ እቀናለሁ። አንድ ጭስ ማውጫ ነው ያላቸው። መሐንዲሱ እዚያ ላይ ይሠራል፣ አለቀ። የእርስዎ ማሳ ግን እያንዳንዱ ጭብጥ አፈሩ ጋዝ ያወጣል።

ደግሞ አንድ ነገር እንለይ። ዩሪያ ከአሞኒያና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው የሚሠራው፤ ናይትሪክ አሲድ አያስፈልገውም። ስለዚህ የእርስዎ ኩንታል ያንን የፋብሪካ ታሪክ ይዞ አልመጣም። ጋዙ የሚፈጠረው ከተበተነ በኋላ፣ እርስዎ ማሳ ውስጥ ነው።

እንዴት? ዩሪያው አፈር ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ናይትሬት ይለወጣል። ውሃ ሲተኛ አፈሩ አየር ያጣል። ያኔ በዓይን የማይታዩት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ፍለጋ ናይትሬቱን ይሰብሩታል። ሥራውን ከጨረሱት ተራ ናይትሮጅን ሆኖ ይሄዳል፤ ከመሐል ካቋረጡት ናይትረስ ኦክሳይድ ይወጣል። ዋልካ ውሃ ስለሚይዝ ለዚህ የተመቸ ነው።

መጠኑን እንየው። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። በዓለም አቀፉ የሒሳብ ልምድ ከዚህ 1 በመቶ ያህሉ በዚህ ጋዝ መልክ ይወጣል ተብሎ ይታሰባል። ወደ 0.7 ኪሎ ጋዝ መሆኑ ነው። በ273 ቢያባዙት ከ200 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ይቀራረባል። ለአየሩ ትንሽ አይደለም። ለእርስዎ ኪስ ግን 0.7 ኪሎዋ ምንም አይደለችም። ስንዴውን ያስራበው ሌላው ነው፦ ተራ ናይትሮጅን ሆኖ የበነነው፣ በጎርፍ የታጠበው፣ ሥሩ ታፍኖ መምጠጥ ያቃተው። የታችኛው ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ ቢጫ ከሆነ፣ የናይትሮጅን ረሃብ ነው። መጀመሪያ የገረጣው አዲሱ የላይኛው ቅጠል ከሆነ ግን የድኝ ረሃብ ሊሆን ስለሚችል ለቀበሌው የልማት ሠራተኛ ያሳዩት።

እንግዲህ ከማዳበሪያው በፊት ውሃውን ያስወጡ። ቢቢኤም የሚሉት መደብና ቦይ የሚያወጣ ማረሻ በአካባቢዎ ካለ ተከራይተውም ቢሆን ይጠቀሙበት። ከሌለ በማረሻዎ ቦይ ያውጡ፣ ተዳፋቱን ተከትለው። መውጫው ላይ ይጠንቀቁ። ቦይዎ ጎረቤት ማሳ ላይ ካፈሰሰ ከጋዙ በፊት ጠብ ይነሳል። ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮ አንድ የጋራ መውረጃ መቆፈር ይሻላል።

ዩሪያውን በአንድ ጊዜ አይጨርሱት። ከፊሉን በዘር ጊዜ ይስጡ፣ የሚበዛውን ስንዴው ጎን ግንድ ማውጣት ሲጀምር። መጀመሪያ አረሙን ይንቀሉ፤ አለዚያ አረም መቀለብ ነው። አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ አይቋጥር። ሐምሌ ላይ ሰማዩ ጠቁሮ ውሃው ከተኛ ጥቂት ቀን ይታገሱ። ደረቅ አፈር ላይ ጥሎ መሄድም ጥሩ አይደለም። ያኔ ደግሞ አሞኒያ ሆኖ ይተናል።

መጠኑን መቀነስ ከፈለጉ ስንዴን በስንዴ ላይ አይዝሩ። ባቄላ ወይም ምስር ያስቀድሙ፤ ናይትሮጅኑን ከአየር ወስደው ለመሬቱ ይተዉለታል። በቀጣዩ ዓመት በአንድ ጠባብ መደብ ላይ ብቻ ዩሪያውን ቀነስ ያድርጉ። ሲያጭዱ ያንን መደብ ለብቻው ወቅተው ይመዝኑ። ምርቱ ከጎኑ ካለው እኩል መደብ ካልተለየ፣ ከዚያ በኋላ ለሙሉው ማሳ የሚገዙትን ይቀንሱ።